የትኛው ጠብታ ለየትኛው ዓይን? ስለ ሰው ሠራሽ እንባ

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በመድኃኒት ቤት በምትሠራ አባላችን የቀረበ ንግግር)



ስለ ዓይን ጠብታ እንድናገር የተጠየቅኩት ባለፈው ስብሰባ በተነሳው ክርክር ምክንያት ነው። የመረዳጃ ሣጥናችን ወጪ ሲነበብ «ለዓይን ጠብታ» የሚለው መስመር ደጋግሞ መጣ። አንዳንዶቻችሁ ይህ ወጪ ይቁም አላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ዓይናችን ከደከመ በምን ጠልፈን፣ በምን ሰፍተን፣ በምን ብር ቆጥረን እንብላ አላችሁ። እኔ መድኃኒት ቤት ስለምሠራ ጉዳዩ ወደኔ መጣና «የትኛው እንደሚሻል ንገሪንና እሱን ብቻ እንግዛ» ተባልኩ። መልሱ በአንድ ቃል አያልቅም። ቢሆንም ገንዘባችንንም ዓይናችንንም የሚጠብቅ መልስ አለው፤ ቀስ እያልኩ ልናገር።

ሰው ሠራሽ እንባ የምንለው ጠብታ ለጎደለ እንባ ምትክ ነው። ጀርም አይገድልም፣ የዓይን ሞራ አይገፍም፣ መነጽርም አይተካም። ሥራው ማርጠብ ነው። እንዲህ ስል ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ማርጠብ እንዴት እይታን እንደሚያጠራ ልንገራችሁ።

ዓይናችን ላይ ሁልጊዜ ስስ የእንባ ሽፋን ተዘርግቷል። ብርሃን ወደ ዓይን ሲገባ መጀመሪያ የሚያልፈው በዚህ ሽፋን ነው። የባጃጅን የፊት መስታወት አስቡ። መስታወቱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አቧራና ጠብታ ካረፈበት ሾፌሩ መንገዱን አጥርቶ አያይም። የዓይናችንም ነገር እንደዚያ ነው። ቆባችን በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል እየተከደነ እንባውን አለስልሶ ያነጥፈዋል። ሽፋኑ ቶሎ ቶሎ ከተቀዳደደ በሁለት ጥቅሻ መካከል እይታ ይደበዝዛል፤ ስንጠቅስ ደግሞ ይጠራል።

ይህ እንባ ውኃ ብቻ አይደለም። ከሥር ውኃውን ከዓይን ጋር የሚያጣብቅ ስስ ዝልግልግ ነገር አለ፤ መካከሉ ውኃ ነው፤ ከላይ ደግሞ ዘይት አለ። ዘይቱ የሚመነጨው በቆባችን ጠርዝ ላይ ከተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ነው። ወጥ ላይ የሚንሳፈፈው ቅቤ እንፋሎቱን አፍኖ እንደሚይዝ፣ ይህም ዘይት ውኃው እንዳይተን ይከላከላል። ስለዚህ የዓይን ድርቀት በሁለት መንገድ ይመጣል፤ ወይ ውኃው ያንሳል፣ ወይ ዘይቱ ይበላሽና ያለው ውኃ ቶሎ ይተናል። ብዙ ሰው ላይ ሁለቱም ተቀላቅለው ይገኛሉ። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ የጠብታውን ዓይነት የምንመርጠው በእሱ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ዓይን የሚያደርቅ ነገር በሽ ነው። ሙቀቱን አልነግራችሁም፤ አቦ፣ እሱን ማን ያጣዋል! የደቻቱ አሸዋ በበጋ ነፋስ ሲነሳ፣ ጎኑ ክፍት በሆነ ባጃጅ ስንመላለስ፣ ጭስ በሞላበት ማድቤት እንጀራ ስንጋግር፣ ሌሊት ቬንቲሌተሩን ፊታችን ላይ አዙረን ስንተኛ የእንባችን ውኃ ይተናል። የቬንቲሌተሩን ነገር በተለይ አደራ፤ ጠዋት ዓይኗ አሸዋ የገባበት ያህል እየቆረቆራት የምትነሳ ሰው ከጠብታው በፊት ቬንቲሌተሩን ወደ እግሯ ታዙረው። ይህ ምንም አያስከፍልም።

ዕድሜም አለበት። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ሴቶች ላይ ድርቀት ይበዛል፤ በጠቅላላውም ከወንዶች ይልቅ እኛን ያጠቃል። የስኳር በሽታ፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ሕመምና አንዳንድ የአለርጂ ክኒኖችም እንባን ይቀንሳሉ። ጥልፍ ላይ፣ መጽሐፍ ላይ ወይም ስልክ ላይ ስናፈጥ ደግሞ ጥቅሻችን ከተለመደው በግማሽና ከዚያም በላይ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ጠልፋችሁ ስትነሱ ዓይናችሁ የሚጨሰው።

አንድ ሁልጊዜ የሚያከራክረኝ ነገር አለ። «ዓይኔ እንባ እያፈሰሰ እንዴት ደረቀ ትዪኛለሽ?» ትሉኛላችሁ። ዓይን ሲደርቅ ይቆጣል፤ ሲቆጣም ከላይ ያለው ትልቁ የእንባ ዕጢ ውኃ ይለቅበታል። ያ ውኃ ዘይትም ዝልግልጉም በበቂ ሁኔታ ስለሌለው ዓይን ላይ አይቆይም፤ ጉንጭ ላይ ይወርዳል። ማጣበቂያ የሌለው ቀለም ግድግዳ ላይ እንደማይይዝ ማለት ነው። ስለዚህ በነፋስና በጭስ ጊዜ የሚያለቅስ ዓይን ደረቅ ዓይን ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ከሣጥናችን ወጥተው ከተገዙት ጠብታዎች መካከል ለባለቤቶቻቸው ምንም ያልፈየዱ አሉ ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ጠብታው መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ችግሩ ድርቀት ስላልሆነ ነው። እቤት የሚደረግ ቀላል ፈተና አለ። ከሩቅ ያለ ጽሑፍ ወይም የግድግዳ ሰዓት ተመልከቱ። ሲደበዝዝባችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ጥቅስ ጥቅስ አድርጉ። ለአፍታ ጠርቶ ተመልሶ ከደበዘዘ እንባችሁ ሊሆን ይችላል፤ ጠብታ ይረዳችኋል። ጥቀሱም አትጥቀሱ ያው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ፈተናውን አንድ አንድ ዓይን እየሸፈናችሁ አድርጉት፤ አንዱ ዓይን ደክሞ ሌላው እየሸፈነለት ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

ከአርባ ዓመት በኋላ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቃታት እህት ድርቀት ኖራትም አልኖራትም የሚያስፈልጋት የቅርብ ማያ መነጽር ነው። የዓይን መነጽራዊ ክፍል ከዕድሜ ጋር ይደርቃል፣ አይተጣጠፍም። በዓለም ላይ ያለ ጠብታ ሁሉ ቢፈስበት አይመለስም። እይታዋ እንደ ጭጋግ ቀስ እያለ የጋረደባት፣ የመኪና መብራት የሚበተንባት እናት ደግሞ የዓይን ሞራ ሊኖራት ይችላል፤ የእሱ መድኃኒት ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውራን ሆነው ተገኝተዋል፤ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ዓይናቸውን ያጡት በሞራ ነው። ይህ ማለት በቀዶ ሕክምና ሊመለስ የሚችል ነው ማለት ነው። ሞራ ያለባት እናት ጠብታ እየገዛች ሁለት ዓመት ስትጠብቅ ሳይ ልቤ ያዝናል።

የዓይን ማዝ ወይም ትራኮማም አለ። በዓለም ላይ የዚህ በሽታ ትልቁ ሸክም ያለው በአገራችን ነው። ደጋግሞ የያዘው ሰው የቆቡ ውስጥ ጠባሳ ይሆንና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቃል። ጠባሳው ራሱ ዓይንን ያደርቃል፤ ስለዚህ ጠብታ ለጊዜው ያስታግሳል፣ ሰውየዋም ዳንኩ ትላለች። ግን ፀጉሩ መፋቁን አላቆመም። ይህን በወረንጦ መንቀልም አያዋጣም፤ ተመልሶ ይበቅላል። የቆብ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ከገጠር የመጡ ዘመዶቻችሁን ቆብ አይታችሁ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ገብቶ ካያችሁ ጠብታ አትላኩላቸው፣ ይዛችኋቸው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ለሕፃናትም አንድ ቃል ልጨምር። ልጅ ሲመሽ አልታይ አለኝ ካለ፣ ማለትም ዳፍንት ከያዘው፣ ዓይኑም ደርቆ ከታየ፣ የቫይታሚን ኤ እጥረት ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚሰጠው ቫይታሚኑ ራሱ ነው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች በየስድስት ወሩ በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን እንዳታስመልጡ። ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ጎመንና ጉበት ሲገኝም ለልጅ ይቀመጥለት።

እሺ፣ ድርቀት መሆኑ ከታወቀ የቱን እንግዛ?

ጠርሙሱ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ስም ለጊዜው እርሱት። እሱ የፋብሪካው ስም ነው፤ ሪፍሬሽ ይባል፣ ሲስቴን ይባል፣ ሌላም ይባል። ከሥር በትንሹ የተጻፈውን አንብቡ ወይም አስነብቡ። ካርቶኑ በፈረንሳይኛ ከሆነና «ኮሊር» የሚል ካለው የዓይን ጠብታ ማለት ብቻ ነው፤ ሰው ሠራሽ እንባ መሆኑን አይነግራችሁም። የከዚራ የባቡር ጡረተኞች ይህን ከኔ የበለጠ ያነቡላችኋል።

ቀጭን የሆኑት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ 0.5 በመቶ፣ ሃይፕሮሜሎስ 0.3 በመቶ፣ ፖሊቪኒል አልኮል 1.4 በመቶ የሚሉት እዚህ ይመደባሉ። ሲገቡ እይታን ብዙም አያደበዝዙም፤ ወዲያው ወደ ሥራ መመለስ ይቻላል። ጉዳታቸው ቶሎ ማለቃቸው ነው፤ ስለዚህ በቀን አራት ጊዜ ያህል ያስፈልጋሉ። ቀን ለምትጠልፍ፣ ለምትነግድ፣ ለምትጽፍ ሰው መነሻዋ ይህ ነው።

መካከለኛዎቹ ፖሊኢቲሊን ግላይኮልና ፕሮፒሊን ግላይኮል ያለባቸው፣ እንዲሁም ሶዲየም ሃያሉሮኔት የሚባለው ናቸው። ሃያሉሮኔት በሰውነታችን ውስጥ በተፈጥሮ ያለ፣ ውኃ የመያዝ ኃይሉ ከፍ ያለ ነገር ነው። ዓይን ላይ ከቀጭኖቹ ትንሽ ይቆያል፤ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ይወደዳል።

ወፍራሞቹ ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ 1 በመቶና ካርቦመር የሚባለው ጄል ናቸው። እነዚህ እንደ አጥሚት ወፈር ያሉ ስለሆኑ ይቆያሉ፣ ግን ለደቂቃዎች እይታን ያደበዝዛሉ። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። «ጠንከር ያለውን ስጪኝ» ይሉና ወፍራሙን ወስደው ቀን ላይ ሲያደርጉት ይጋርዳቸዋል፤ ከዚያ «መድኃኒቱ ዓይኔን አጠፋው» ብለው ይጥሉታል። መወፈር መጠንከር አይደለም። ወፍራሙ ለማታና ለከባድ ድርቀት ነው።

ከሁሉ የሚወፍረው ቅባቱ ነው፤ ፓራፊንና አንዳንዴም ላኖሊን ያለበት፣ በቱቦ የሚመጣ። እይታን በደንብ ይጋርዳል፤ ስለዚህ ሊተኙ ሲሉ ብቻ የሩዝ ፍሬ የምታህል በታችኛው ቆብ ውስጥ ይደረጋል። ሲተኙ ዓይናቸው ሙሉ በሙሉ የማይከደን ሰዎች ከዚህ የተሻለ ነገር የላቸውም። ከቴትራሳይክሊን ቅባት ጋር አታምታቱት። ቱቦዎቹ ይመሳሰላሉ፤ ቴትራሳይክሊን ግን አንቲባዮቲክ ነው፣ በየቀኑ ዓይን ለማርጠብ የሚሆን አይደለም።

በመጨረሻ ዘይት የተቀላቀለባቸው አሉ፤ የጉሎ ዘይት ወይም የማዕድን ዘይት። ነጣ ያሉ ናቸው፣ እንደ ወተት። የሚጠቅሙት የቆባቸው ጠርዝ ቀልቶ ቅርፊት ለሚይዝባቸው፣ ማለትም ዘይታቸው ለተበላሸባቸው ነው። እነሱን ከመግዛታችሁ በፊት ግን ነፃውን ሕክምና ሞክሩ። ንጹሕ ጨርቅ ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውኃ ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ የተከደነ ዓይን ላይ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ አኑሩት፤ ሲቀዘቅዝ ደግማችሁ ንከሩት። ከዚያ የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ በጣት በቀስታ ግፉት። የረጋው ዘይት ይቀልጥና ይወጣል። ጠዋትና ማታ ለጥቂት ሳምንታት ይህን ያደረገች ሰው ጠብታ የምትገዛበትን ገንዘብ ልትቀንስ ትችላለች።

ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ይበልጣል? ኮክሬን የተባለው የጥናቶች መርማሪ ቡድን በ2016 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 43 ጥናቶችን ሰብስቦ መረመረ። ያገኘው በአብዛኛው የሚቀራረብ ጥቅም እንዳላቸውና አንዱን ከሌላው በግልጽ የሚያስበልጥ በቂ ማስረጃ እንደሌለ ነው። ለኔ ይህ ለድሃ ሰው መልካም ዜና ነው። በርካሹ ጀምሩ፤ ለአንድ ወር በትክክል ተጠቀሙ፤ ካልረዳ ወደ ሌላ ዓይነት፣ ማለትም ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ተሻገሩ። አንዱን ሦስት ቀን ሞክሮ ወደ ሌላው መዝለል ገንዘብ ማባከን ነው። ደግሞም ንጥረ ነገሩ ያው ሆኖ ስሙ የተለየውን በእጥፍ ዋጋ መግዛት አለ፤ ይህንንም ስታደርጉ አያለሁ።

ከዓይነቱ በላይ የሚያሳስበኝ ማቆያው ነው። ባለ ብዙ ጊዜ ጠርሙሶች ጀርም እንዳይራባባቸው ማቆያ ይጨመርባቸዋል፤ የታወቀው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ይባላል። ጀርሙን ይገድላል፣ ግን ሲበዛ የዓይንን የላይኛውን ሽፋን ራሱን ይጎዳል። በቀን እስከ አራት ጊዜ ለምትጠቀም ሰው ብዙውን ጊዜ ችግር የለውም። ከዚያ በላይ፣ በየሰዓቱ በሁለት ሰዓቱ የምትጨምር ሰው ግን ለድርቀት የወሰደችው ጠብታ ዓይኗን ሊያስቆጣው ይችላል። ለግላኮማ ሌላ ጠብታ የምታደርግም ማቆያው ይደራረብባታል። እንደነዚህ ላሉት ማቆያ የሌለው፣ በአንድ ጊዜ ተከፍቶ የሚጣል ትንንሽ ፕላስቲክ አለ። እሱ ይወደዳል። ስለዚህ ለሁሉም ሳይሆን ለሚያስፈልጋት ብቻ ይገዛ እላለሁ።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ያህል ይወጣዋል። 10 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 200 ጠብታ ማለት ነው። ሁለቱን ዓይን በቀን አራት ጊዜ ብታደርጉ ስምንት ጠብታ፤ ጠርሙሱ 25 ቀን ይበቃችኋል። የተከፈተ ጠርሙስ ካርቶኑ ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በአራት ሳምንት መጣል አለበት፤ ስለዚህ ሒሳቡ ይገጥማል። ጠርሙሱ በሳምንት የሚያልቅባችሁ ከሆነ እያፈሰሳችሁት ነው። ዓይን የሚይዘው ከአንዲት ጠብታ ያነሰ ነው፤ ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ጉንጭ ላይ ነው የሚቀሩት። በሌላ በኩል ጠርሙሱ ሦስት ወር የቆየላችሁ ከሆነ ይጣል። ቀን ጻፉበት፤ እስክሪብቶ ከሌለ እኔ እጽፍላችኋለሁ።

አደራረጉም ቀላል ነው። እጅ ይታጠባል። ቀና ተብሎ የታችኛው ቆብ እንደ ኪስ ሳብ ይደረግና አንድ ጠብታ ይንጠባጠባል፤ የጠርሙሱ አፍ ዓይንንም ሽፋሽፍትንም ጣትንም አይንካ። ከዚያ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዓይን ይከደን። ሌላ የሐኪም ጠብታ ካለ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይጠበቅ፤ ቅባት ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። አንድ ጠርሙስ ለአንድ ሰው። ከእናት ለልጅ፣ ከጎረቤት ለጎረቤት አይዘዋወርም፤ የዓይን በሽታ ከቤት ቤት ከሚዞርባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

የጠርሙስ ንጽሕና ቀላል ነገር እንዳልሆነ ለማወቅ አሜሪካ የሆነውን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢዝሪኬር በሚል ስም የተሸጠ፣ ማቆያ የሌለው ሰው ሠራሽ እንባ መድኃኒት በማይበግረው ጀርም ተበክሎ ተገኘ። በ18 ግዛቶች 81 ሰዎች ላይ ጀርሙ ተገኘ፤ 14ቱ እይታቸውን አጡ፣ የአራቱ ዓይን ወጣ፣ አራት ሰዎች ሞቱ። ያን ያህል ቁጥጥር ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ ከገበያ መደብ ላይ ከሽቶና ከሳሙና ጎን ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጠርሙስ ገዝታችሁ ዓይናችሁ ውስጥ አታድርጉ። ከመድኃኒት ቤት ግዙ፤ ማኅተሙ ያልተነካ፣ ቀኑ ያላለፈ መሆኑን አረጋግጡ። አብዛኞቹ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጡ ይላሉ፤ በኛ ከተማ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሰዓት በኋላ ያ አይገኝም። ፍሪጅ ያላት ጎረቤት ካለች በበሩ ላይ ታስቀምጥላችሁ፤ ከሌለች ንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋችሁ ከውኃ እንስራው አጠገብ፣ ጥላ ውስጥ።

አሁን ደግሞ ጠብታ መስለው ስለሚጎዱት። ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ የቀላ ዓይንን በአንድ ቀን ያነጣል፣ ማሳከኩንም ያቆማል፤ ስለዚህ ሰው ይወደዋል። ያለ ሐኪም ክትትል ለሳምንታትና ለወራት ሲደረግ ግን የዓይን ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ግላኮማም ሞራም ያመጣል። በግላኮማ የጠፋ እይታ አይመለስም። አንዲት የማኅበራችን እናት ከአንድ መድኃኒት ቤት «ለድርቀት» ተብሎ የተሰጣትን ይዛልኝ ስትመጣ ይኸው ዴክሳሜታዞን ነበር፤ አራተኛ ጠርሙሷ ነው። ወዲያው ለምርመራ ሄደች። ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ዛሬ በሐኪም ክትትል ላይ ናት፤ ይህን እንድነግራችሁ ራሷ ፈቅዳልኛለች። ዓይን ያነጣሉ ተብለው ለውበት የሚሸጡትም ደም ሥሩን ለጊዜው ያጠብቡታል እንጂ አያረጥቡም፤ ሲተዉ ከበፊቱ ይብሳል።

ኩልን በተመለከተ ብዙዎቻችሁ እንደምትቆጡኝ አውቃለሁ። ውበቱን አልክድም። ነገር ግን ከድንጋይ የሚፈጨው ኩል ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት፤ እርሳስ በተለይ ለሕፃን አንጎል መርዝ ነው። አራስ ልጅ አይኳል። እኛም ዓይናችን እየቆረቆረን ሳለ ቆባችን ጠርዝ ላይ ኩል መጠቅጠቅ የዘይቱን ቀዳዳ መድፈን ነው። የጡት ወተት፣ ማር፣ ሻይም ዓይን ውስጥ አይገቡም፤ ንጹሕ አይደሉምና።

ሙስሊም እህቶቼ በረመዷን ስለ ጠብታ ትጠይቁኛላችሁ። እኛ አካባቢ በሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብ የዓይን ጠብታ ጾም እንደማያፈርስ ዑለማዎች ይናገራሉ። ልብ ያላረፈላት ሼኟን ትጠይቅ፤ እስከዚያ ቅባቱን ማታ፣ ጠብታውን ከኢፍጣር በኋላና በሱሑር ሰዓት ልታደርግ ትችላለች።

ጠብታ ገዝተን የማንጠብቅባቸው ነገሮችም አሉ። ድንገት እይታ ከጠፋ፣ ዓይን በኃይል ከታመመ፣ ብርሃን ማየት ካቃተ፣ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ፣ እሾህ ወይም ፍንጣሪ ከመታው፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ነው። ድል ጮራ ይቅረባችሁ ሳቢያን፣ ዛሬ ብላችሁ ሂዱ፤ ነገ አትበሉ።

ወደ ሣጥናችን ልመለስ። የኔ ሐሳብ ወጪው አይቁም፣ ቅደም ተከተሉ ይለወጥ ነው። ለጠብታ የጠየቀች አባል መጀመሪያ የዓይን ምርመራዋ ይከፈልላት። ድርቀት ከተባለች ሣጥኑ ሁለት ነገር ብቻ ይግዛ፤ ቀጭኑን ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ ወይም ሃይፕሮሜሎስ ለቀን፣ ቅባቱን ለማታ። ማቆያ የሌለውን ሐኪም ላዘዘላት ብቻ። መነጽር ያስፈልጋታል ከተባለች የጠብታው ገንዘብ ለመነጽር ይዙር፤ መነጽር በየወሩ አይገዛም። ሞራ ካለባት ሣጥኑ ለመጓጓዣዋና ለአስታማሚዋ ይድረስላት። ከዚህ የተረፈ ካለ ጭስ ቀናሽ ምድጃ ለሌላቸው ጋጋሪዎቻችን ቢውል እኔ አልቃወምም፤ ድምፅ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።

ለደጋፊዎቻችንም በአክብሮት አንድ ነገር ልበል። ከውጭ አገር ጠብታ ሰብስባችሁ ስትልኩልን ፍቅራችሁን እናያለን፤ እናመሰግናለን። ሆኖም ባለፈው ካርቶን ውስጥ የስድስት ፋብሪካ ጠርሙስ ተደባልቆ፣ ግማሹ ቀኑ ሊያልፍ ሁለት ወር የቀረው ሆኖ አግኝተነዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት እርዳታ መመሪያ መድኃኒት አገር ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቀረው ይላል። ደግሞም መድኃኒት የሚገባው በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሕግ ነው፤ በሻንጣ የመጣው ነገ ያስጠይቀናል። በዚያው ገንዘብ እዚሁ ድሬዳዋ የስንት አባል ምርመራና መነጽር እንደሚሸፈን ሒሳብ ያዣችን አስልታ ጸሐፊያችን ዘንድ አስቀምጣለች፤ ስትወጡ ተመልከቱት።

የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እያንዳንዳችሁ ቤታችሁ ያለውን የዓይን ጠብታና ቅባት ሁሉ በላስቲክ ይዛችሁ ኑ፤ ባዶውንም፣ ስሙ የጠፋውንም፣ የጎረቤት ያዋሰቻችሁንም። ከስብሰባው አንድ ሰዓት ቀድሜ እመጣለሁ። አንድ በአንድ አንብቤ ቀን እጽፍበታለሁ፤ ዴክሳሜታዞን የተገኘባት ግን ዝም ብላ አትጣለው፣ መጀመሪያ እኔን ታናግረኝ፤ በማግስቱ አብሬያት ለምርመራ እሄዳለሁ።